«ደብልዩ»፦ የአባቱን ምርቃት ሲሻ የኖረ ፕሬዚዳንት በፊልም (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ይህ ገጽ በደብረ ማርቆስ በምናካሂደው የፊልም ውይይት ላይ፣ «ደብልዩ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ከታየ በኋላ ተደጋግመው ለተነሡ ጥያቄዎች የተዘጋጁ መልሶችን ይዟል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ከከተማው፣ ከደጀን፣ ከቢቸናና ከፍኖተ ሰላም የመጡ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች ናቸው። ጥያቄዎቻቸው ብዙ ቢሆኑም የሚዞሩት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው፤ የአንድ ኃያል አገር መሪ የአባቱን ይሁንታ ሲሻ መኖሩን ፊልሙ እንዴት አሳየው፣ ያሳየውስ ምን ያህል እውነት ነው የሚል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ያለውን ገጸ ባሕርይ ጆርጅ እያልን «እሱ»፣ በእውን የነበሩትን መሪ ደግሞ ፕሬዚዳንት ቡሽ እያልን «እሳቸው» ብለናል። ይህን ያደረግነው ፊልሙ የሚለውና ታሪክ የሚያረጋግጠው እንዳይደባለቁ ነው። አባትየውን ግን በፊልሙም በታሪኩም አንቱ ብለናቸዋል።

ፊልሙ የማንን ታሪክ ይተርካል? የሠራውስ ማን ነው?

ፊልሙ ከ2001 እስከ 2009 አሜሪካን የመሩትን የ43ኛውን ፕሬዚዳንት የጆርጅ ደብልዩ ቡሽን ሕይወት ይተርካል። አባታቸው ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ከ1989 እስከ 1993 የአገሪቱ 41ኛ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በአሜሪካ ታሪክ አባትና ልጅ ፕሬዚዳንት የሆኑት ከእነርሱ ሌላ ጆን አዳምስና ልጃቸው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ብቻ ናቸው።

አዘጋጁ ኦሊቨር ስቶን ሲሆን፣ ድርሰቱን የጻፈው ስታንሊ ዋይዘር ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው ኦክቶበር 17 ቀን 2008 ነው፤ ያን ጊዜ ባለታሪኩ ገና በሥልጣን ላይ ነበሩ፣ ተተኪያቸው የሚመረጥበት ቀንም ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ፊልሙ የተሠራው ባለታሪኩ የሥልጣን ዘመናቸውን ትዝታ ከመጻፋቸውና ብዙ የግል ደብዳቤዎች ከመታተማቸው በፊት ነው። ስቶን ከዚያ ቀደም ብሎ ከሁለት ሌሎች ፕሬዚዳንቶች ጋር የተያያዙ ፊልሞችን በ1991 እና በ1995 ሠርቷል። እሱና ፕሬዚዳንት ቡሽ በ1964 በአንድ ዓመት ዬል ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሲሆኑ፣ ስቶን ግን ትምህርቱን አቋርጦ ወጥቷል። በ1987 ከዚሁ ጸሐፊ ጋር የሠራውን ፊልም የአክሲዮን ደላላ ለነበሩት አባቱ መታሰቢያ አድርጎታል፤ ስለዚህ የአባትና የልጅ ጉዳይ ለእሱም ሩቅ እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

ታሪኩ ለምን ወዲያና ወዲህ ይላል?

ፊልሙ ሁለት ዘመኖችን ጎን ለጎን ይዞ ይሄዳል። አንደኛው በ1966 ጆርጅ የዬል ተማሪ ሳለ ጀምሮ በቴክሳስ የነዳጅ ማውጫ፣ በምርጫ ዘመቻዎችና በትዳሩ በኩል ወደ ሥልጣን የሚያደርሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በ2002 በዋይት ሐውስ ውስጥ የኢራቅ ጦርነት የተመከረባቸውን ስብሰባዎች የሚያሳየው ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግር የሚላቸው ተመልካቾች ጥቂት አይደሉም፤ ትንሽ ከታገሡ ግን መንገዱ ይገለጥላቸዋል።

ይህ አቀራረብ ለውበት ብቻ የተመረጠ አይደለም፣ ራሱ ክርክር ነው። ስለ ጦርነት የሚመከርበት ስብሰባ ድንገት ተቋርጦ አባቱ የሚወቅሱት ወጣት ሲታይ፣ ተመልካቹ ሳያውቀው ሁለቱን በምክንያትና በውጤት ያስተሳስራቸዋል። ጆርጅ ወደዚህ ጦርነት የገባው በአባቱ ምክንያት ነው ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው አያስፈልግም፤ ትዕይንቶቹን በማፈራረቅ ብቻ ነገሩ የተረጋገጠ ይመስላል። በውይይታችን ወቅት በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ ላይ ይህ ከዚያ የተወለደ ነው ወይስ አጠገቡ ስለተቀመጠ ብቻ ነው የሚለውን እንድትጠይቁ የምናሳስበው ለዚህ ነው።

አባትየው በፊልሙ ውስጥ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?

በተዋናይ ጄምስ ክሮምዌል የተወከሉት አባት ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቃላቸውን እየመዘኑ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን አይመቱም፣ ክብር የሚነካ ስድብም አይሰድቡም። ያዘኑበት መሆኑን ብቻ ይነግሩታል፣ ይህም ከዱላ ይልቅ ያመዋል። ወጣቱ ጆርጅ በኳስ ጨዋታ ሰበብ በተነሣ ሁከት ታስሮ ሲያስፈቱት፣ የተሰጠውን ሥራ ሁሉ አንድ በአንድ ጥሎ ሲወጣና መጠጥ ሲያበዛ፣ አባትየው ፊታቸው ሳይለወጥ የጥፋቱን ዝርዝር ያቀርቡለታል። በዚያው ጊዜ ግን ከእስር የሚያስፈቱት፣ ሥራ የሚያፈላልጉለት፣ በሩን የሚያስከፍቱለት እሳቸው ናቸው። ልጁን የሚያቆስለውም ይኸው ነው፤ ውለታው ሳያቋርጥ ይመጣል፣ ምርቃቱ ግን አይመጣም።

የልጁን ጭንቀት ለመረዳት አባትየው በእውን ምን እንደነበሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል አብራሪ ነበሩ፤ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1944፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ አውሮፕላናቸው በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተመትቶ ከሞት ተርፈዋል። ከጦርነቱ በኋላ በዬል የቤዝቦል ቡድን አምበል ሆኑ፣ በቴክሳስ በነዳጅ ሥራ ሀብት አፈሩ፣ የምክር ቤት አባል፣ በተባበሩት መንግሥታት የአገራቸው አምባሳደር፣ የስለላ ድርጅቱ የሲ.አይ.ኤ. ዳይሬክተር፣ ለ8 ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በመጨረሻም ፕሬዚዳንት ሆኑ። የእሳቸውም አባት ፕሬስኮት ቡሽ የኮነቲከት ግዛት ሴናተር ነበሩ። ልጁ በእነዚሁ በሮች በተራ ሊገባ ሞከረ። ዬል ተማረ፣ ነገር ግን እንደ አባቱ የታወቀ ስፖርተኛ አልነበረም። አውሮፕላን አበረረ፣ ነገር ግን በቴክሳስ የአየር ብሔራዊ ዘብ ውስጥ እንጂ በጦር ሜዳ አልነበረም። በነዳጅ ንግድ ተሰማራ፣ የአባቱን ያህል አልቀናውም። በ1978 ለምክር ቤት ተወዳደረ፣ በኬንት ሃንስ ተሸነፈ። በሁሉም ቦታ የአባቱ ዱካ ቀድሞት ይገኛል፣ የእሱ እግር ደግሞ ከዱካው ያንሳል። ፊልሙ ይህን ተደጋጋሚ ማነስ በጥሩ ሁኔታ አሳይቶታል፤ በእኛ አስተያየት ትልቁ ብርታቱም ይህ ነው።

ከእስር የሚለቀቅበት ትዕይንት ካበቃ በኋላ ከማቻከል የመጡ አንድ አዛውንት «ሁሉን አደረጉለት፤ ራሱን ዳብሰው መመረቅ ብቻ ቀራቸው» ብለው ነበር። በእኛ አካባቢ ልጅ ለትዳርም ሆነ ለሩቅ መንገድ ሲነሣ የአባቱን ጉልበት ስሞ፣ ምርቃት ተቀብሎ ነው የሚወጣው። ያልተመረቀ ልጅ ቢሳካለትም እንኳ ጎደሎ እንዳለበት ይሰማዋል። ለዚህ ነው የጎጃም ተመልካች የአሜሪካን ፖለቲካ ዝርዝር ባያውቅም የፊልሙን ዋና ጉዳይ ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው።

ልጁ አባቱን ለጠብ የሚጋብዝበት ትዕይንት በእውን የደረሰ ነው?

መነሻው እውነተኛ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዋሽንግተን ከተማ ወጣቱ ቡሽ ጠጥቶ እየነዳ ወደ ወላጆቹ ቤት ሲገባ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንደገጨና አባቱ ሲጠሩት ሰው ለሰው እንጋጠም እንዳላቸው ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ነገሩ ያለ ድብደባ ተጠናቋል። በፊልሙ ግን ትዕይንቱ ገንኖና ተጋግሎ ቀርቧል።

በአዳራሻችን ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ድንጋጤ የፈጠረው ይህ ትዕይንት ነው። በአባት ላይ እጅ ማንሣት በእኛ ዘንድ ነውር ብቻ አይደለም፣ እርግማን የሚያመጣ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ትዕይንቱን ረጋ ብሎ ያየ ሰው ልጁ መደባደብ እንዳልፈለገ ይገነዘባል። የፈለገው ያ ዝግ ያለው ፊት አንድ ጊዜ እንኳ እንዲለወጥለት ነው። ንዴትም ቢሆን፣ ከዚያ ለዘብተኛ ሐዘን ይሻለዋል።

የታናሽ ወንድሙ የጀብ ነገር ለምን ደጋግሞ ይነሣል?

በፊልሙ ውስጥ ወላጆቹ የቤተሰቡን ስም ያስጠራል ብለው ተስፋ የጣሉት በጀብ ላይ እንጂ በበኩር ልጃቸው ላይ አይደለም። ጆርጅ ለቴክሳስ አገረ ገዥነት መወዳደር እንደሚፈልግ ሲነግራቸው አይደሰቱም፤ ይልቁንም የጀብን ዕድል እንዳያበላሽ ይሰጋሉ። ይህ ከታሪኩ ብዙም የራቀ አይደለም። በኖቬምበር 1994 በአንድ ቀን ሁለቱም ወንድማማቾች ተወዳድረው፣ ጆርጅ በቴክሳስ አን ሪቻርድስን አሸነፈ፣ ጀብ በፍሎሪዳ በሎውተን ቻይልስ ተሸነፈ። አባትየው በዚያን ጊዜ ደስታው በቴክሳስ ቢሆንም ልባቸው ግን በፍሎሪዳ እንደሆነ መናገራቸው ተመዝግቧል። ማንኛውም አባት ለወደቀው ልጁ ቢያዝን የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ነገር ግን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ትልቅ ድል ላገኘው ልጅ ያች ቃል እንዴት እንደተሰማችው መገመት ይቻላል።

የኢራቅ ጦርነት የተደረገው ለአባት ሲባል ነው የሚለው እውነት ነው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱም አጭር ሊሆን አይችልም።

የፊልሙ አመክንዮ እንዲህ ይቀጣጠላል። አባትየው በ1991 ኩዌትን ነጻ ካወጡ በኋላ የምድሩን ውጊያ በ100 ሰዓት ውስጥ አቁመው፣ ወደ ባግዳድ ሳይገሰግሱና ሳዳም ሁሴንን ሳያስወግዱ ጦራቸውን መለሱ። በ1992 ምርጫ በቢል ክሊንተን ተሸነፉ። በፊልሙ ውስጥ በዚያች ሌሊት ያለቅሳሉ፤ ጆርጅ ደግሞ ሽንፈቱ የመጣው ሳዳምን ባለመጨረሳቸው ነው ብሎ ይብሰከሰካል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አባቱ ያልጨረሱትን የመጨረስ ጉዞ ሆኖ ይታያል።

ይህን የሚደግፍ ነገር በታሪክ ውስጥ የለም አይባልም። በ1993 አባትየው ኩዌትን ሲጎበኙ ሊገድሏቸው የተጠነሰሰ ሤራ መገኘቱ ተገልጾ፣ የአሜሪካ መንግሥት የኢራቅን የስለላ ድርጅት ተጠያቂ አድርጎ ነበር። ፕሬዚዳንት ቡሽም በሴፕቴምበር 26 ቀን 2002 በሂውስተን ባደረጉት ንግግር፣ ሳዳም አባታቸውን ሊገድል የሞከረ ሰው መሆኑን በአደባባይ አንሥተዋል። አባቱን ሊያስገድል የቃጣን ሰው በዝምታ የሚያልፍ ልጅ ምን ይባላል ብሎ የጠየቀን ተሳታፊ ነበር፤ ደም መመለስ የልጅ ግዴታ ተደርጎ ሲቆጠር በኖረበት አካባቢ ይህ ጥያቄ መነሣቱ አያስደንቅም።

የሚቃወመው ማስረጃ ግን ይከብዳል። ልጁ የፈለገው የአባቱን ይሁንታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልዘመተ ነበር። የአባትየው የቅርብ ወዳጅና የቀድሞ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪያቸው ብሬንት ስኮክሮፍት ኦገስት 15 ቀን 2002 በታተመ ጽሑፍ ኢራቅን መውረር እንደማይገባ በግልጽ አስጠንቅቀዋል። አባትየውና ስኮክሮፍት በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍም ወደ ባግዳድ ቢገቡ ኖሮ በጠላት አገር ውስጥ መውጫ የሌለው ገዥ ጦር ሊሆኑ ይችሉ እንደነበር አብራርተዋል። ስለዚህ ጦርነቱ የአባትን ፍርድ የሚከተል ሳይሆን የሚሽር ነበር። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ምኞቶች አሉ፤ አባትን ማስደሰትና ከአባት መብለጥ። ፊልሙ ሁለቱን እያቀላቀለ ያቀርባቸዋል፣ በአንዱ ትዕይንት ልጁ ምርቃት ይፈልጋል፣ በሌላው ደግሞ አባቱ የተሳሳቱ መሆናቸውን ማሳየት ይፈልጋል። አንዳንድ ተሳታፊዎች ይህን የፊልሙ ድክመት ይሉታል። እኛ ግን የሰው ልብ እንዲህ ነው ብለን እናምናለን፤ ምርቃት የተነፈገ ልጅ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይመኛል።

ያም ሆኖ ጦርነትን በአንድ ልጅ ቁስል ብቻ ማስረዳት ልክ አይደለም። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ አገሪቱ የነበረችበት ፍርሃት፣ ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት የሚለው የስለላ ድምዳሜ፣ የምክትል ፕሬዚዳንቱ የዲክ ቼኒና የመከላከያ ሚኒስትሩ የዶናልድ ራምስፌልድ ግፊት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 በጸጥታው ምክር ቤት ያቀረቡት ማብራሪያ፣ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። በኦክቶበር 2002 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ 296 ለ133፣ ሴኔቱ ደግሞ 77 ለ23 በሆነ ድምፅ ጦርነቱን ፈቅደዋል። እነዚያ ሁሉ እጃቸውን ያወጡት የአንድ ሰው አባት እንዲረካ ብለው አይደለም። የተባለው የመሣሪያ ክምችት በኋላ አልተገኘም፤ በኢራቅ ግን እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ጥፋቱን ሁሉ ወደ አንድ ቤተሰብ ሳሎን ከወሰድነው ሌሎቹ ተጠያቂዎች በነጻ ያመልጣሉ፤ ለሞቱትም ፍትሕ አይሆንም። ፊልሙ ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስላል። ቼኒ በካርታ ፊት ቆሞ ስለ ነዳጅና ስለ ኢራን የሚናገርበትና ፓወል የሚከራከረው ረጅሙ የስብሰባ ትዕይንት ስለ አባት አንድም ነገር ሳያነሣ ስለ ጦርነቱ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ያስረዳል።

ባጭሩ፣ የአባት ናፍቆት ጆርጅ እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚናገርና ጥርጣሬን ለምን እንደሚፈራ በሚገባ ይገልጻል። ጦርነቱ ለምን እንደተከፈተ ግን አይገልጽም።

ጆርጅ አባቱን የሚያይበት ሕልም ምን ማለት ነው?

ወደ ፊልሙ መጨረሻ ጆርጅ በሕልሙ አባቱን በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያገኛቸዋል። አባትየው የቤተሰቡን ስም አበላሽተሃል ብለው ይቆጡትና ለጠብ ይጋብዙታል። ያ የድሮው የወጣትነት ጠብ ተገልብጦ መጣ ማለት ነው፤ አሁን እጃቸውን ያነሡት አባት ናቸው። ትዕይንቱ ፈጠራ መሆኑ ግልጽ ነው፣ የሰውን ሕልም ማንም ሊያውቅ አይችልምና። ይሁን እንጂ በሕልም የሚመጡት አባት የልጁ የራሱ ፍርድ መሆናቸውን ያሳያል። በእውን ያሉት አባት ምንም ቢሉ፣ በውስጡ የተቀመጡት አባት አይታረቁትም።

ሃይማኖቱስ? ጸሎቱ ከልብ ነው ወይስ አባቱን የሚተካበት ነው?

ፕሬዚዳንት ቡሽ 40 ዓመት በሞላቸው በ1986 መጠጥ ማቆማቸውና ይህንንም ከእምነታቸው ጋር ማያያዛቸው የታወቀ ነው። በፊልሙ ያለው ሰባኪ ኧርል ሃድ ግን የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ነው። ጋዜጠኛው ቦብ ውድዋርድ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ ስለ ጦርነቱ አባታቸውን አማክረው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ብርታት የሚለምኑት ከምድራዊው አባታቸው ሳይሆን ከላይ ካለው አባት መሆኑን እንደነገሩት ጽፏል። የፊልሙ ሠሪዎች ይህን መልስ እንደ ትልቅ ፍንጭ የተጠቀሙበት ይመስላል።

አንድ የቅኔ ተማሪ፣ የጸሎቱ ትዕይንት ሰሙ ንስሐ፣ ወርቁ ደግሞ አባትየው ናቸው ሲል ተናግሮ ነበር። አስተያየቱ ጥሩ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አንስማማበትም። መጠጥን የተወ ሰው ለዓመታት ጸንቶ መቆየቱ በራሱ ፍሬ ነው፤ እምነቱን የቁስል መሸፈኛ ብቻ ማድረግ ሰውየውን ማሳነስ ይሆናል። ፊልሙም እንደምንገምተው ይህን ክፍል አያፌዝበትም።

እናትየው የት አሉ?

ባርባራ ቡሽን ኤለን በርስቲን ትጫወታለች። አባትየው በዝምታ የሚሉትን እናትየው በግልጽ ይናገራሉ፤ ልጃቸው አን ሪቻርድስን ሊያሸንፍ እንደማይችል ሲነግሩት ፊት ለፊት ነው። በእውንም ይህን ብለውት እንደነበር ይታወቃል። ፊልሙ ለእሳቸው የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሊሰጣቸው ይገባ ነበር።

ትወናው እንዴት ነው?

ጆሽ ብሮሊን የፕሬዚዳንቱን አነጋገርና አረማመድ ቢይዝም ማስመሰል ላይ አላቆመም። አፉ ምግብ እንደሞላ መናገሩን ልብ በሉ፤ ዲክ ቼኒን ከሚጫወተው ከሪቻርድ ድራይፈስ ጋር ምሳ እየበላ፣ በሳንድዊች መካከል ቼኒን በትልልቅ ስብሰባዎች ላይ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ ሲያስጠነቅቀው፣ ሥልጣኑን በእጁ መያዙን ለማረጋገጥ የሚሞክር ሰው ይታያል። ክሮምዌል ደግሞ አባትየውን ለመምሰል ምንም አልሞከረም፤ አንድ ከባድ አባት ሆኖ ብቻ ቀረበ። የፊልም ዳይሬክተር የነበረው የጆን ክሮምዌል ልጅ ስለሆነ የታዋቂ አባት ልጅነትን ያውቀዋል።

ከፊልሙ በኋላ የታወቀ ነገር አለ?

አለ፣ ሚዛኑንም ይለውጠዋል። ፕሬዚዳንት ቡሽ በ2010 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በማርች 2003 ጦርነቱን ባዘዙ ዕለት ለአባታቸው የጻፉትን ደብዳቤና የተሰጣቸውን መልስ አውጥተዋል። አባትየው ልጃቸው ያደረገው ትክክል መሆኑን ገልጸው፣ ደብዳቤያቸውን የቋጩት በ1953 በ3 ዓመቷ በደም ካንሰር የሞተችው ሴት ልጃቸው ሮቢን ትናገረው በነበረው የፍቅር ቃል ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1995 ልጃቸው የቴክሳስ አገረ ገዥ ሆነው ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት፣ የአብራሪነት ምልክት የሆነውን የባሕር ኃይል ክንፋቸውን ሲቀበሉ ከራሳቸው አባት የተሰጣቸውንና እጅግ የሚወዱትን የእጅጌ ቁልፍ ከደብዳቤ ጋር ልከውላቸዋል። በሦስት ትውልድ እጅ የተላለፈ ስጦታ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት ምን አለ?

ስለዚህ የታሪኩ አባት ከፊልሙ አባት ይልቅ የሞቁ ናቸው። ምርቃታቸው በቃል የሚነገር ሳይሆን በወረቀት የሚጻፍ ነበር፤ እንዲህ ያሉ አባቶች በእኛም ዘንድ አይጠፉም። በሌላ በኩል በ2015 በወጣው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ቼኒንና ራምስፌልድን በጠንካራ ቃል መንቀፋቸው፣ የልጃቸውንም አንዳንድ የጋለ ንግግር አለመውደዳቸው ተገልጿል፤ ፍቅራቸው ፍርዳቸውን አላጠፋውም። ፕሬዚዳንት ቡሽ በ2014 ስለ አባታቸው አንድ መጽሐፍ የጻፉ ሲሆን፣ በዲሴምበር 2018 በቀብራቸው ላይ ንግግር ሲያደርጉ መጨረሻው ላይ እንባ አሸንፏቸዋል።

እንዲህ ያለ ፊልም ስለ እኛ መሪዎች ሊሠራ ይችላልን?

የሚቻል ብቻ ሳይሆን ሊሠራ የሚገባውም ነው። ለጎጃም ሰው ቅርብ ከሆነው እንጀምር ከተባለ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ልጃቸው ራስ ኃይሉ አሉ። አባትየው በ1881 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃም ንጉሥ ተብለው የነገሡ፣ በዓመቱ በእምባቦ ጦርነት በምኒልክ ጦር የተማረኩ፣ ከዚያም ወደ ግዛታቸው የተመለሱና በ1901 ያረፉ ናቸው። ልጅየው ለረጅም ዘመን ጎጃምን ገዝተው በ1932 ልጅ ኢያሱን በማስመለጥ ተከሰው ከሥልጣን ወረዱ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንም ከጠላት ጋር ተባብረዋል። ንጉሥ ተብሎ የነበረ አባት ልጅ ራስ ተብሎ ሲኖር፣ የአባቱን ዘውድ ሲያስብ ምን ይሰማዋል? ይህ ጥያቄ ብቻውን አንድ ፊልም ይሸከማል። ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ደግሞ አባቱን በሰው እጅ ያጣው በላይ ዘለቀ ነው፤ እሱን የሚፈርድበትም የሚመርቀውም አባት በሕይወት አልነበረም፣ ስሙ ብቻ ነበር።

ከአሜሪካው ፊልም መውሰድ ያለብን ድፍረቱን ነው። መተው ያለብን ደግሞ የሕዝብን መከራ በአንድ ቤት ኩርፊያ የማስረዳት ዝንባሌውን ነው። የራስ ኃይሉን ምርጫዎች በአባታቸው ዘውድ ብቻ ብንተረጉም፣ በግብርና በጦርነት የተጎዳው የጎጃም ገበሬ ከታሪኩ ይወጣል።

ለልጆች ይሆናል?

በአሜሪካ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑት ወላጆች እንዲጠነቀቁ የሚያሳስብ ደረጃ ተሰጥቶታል። ስካርና ሻካራ ንግግር አለበት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከወላጅ ጋር ቢያዩት እንመክራለን።

ለውይይት ስንዘጋጅ የትኞቹን ትዕይንቶች ደግመን እንይ?

ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ስለሚበልጥ ሁሉንም መድገም አያስፈልግም። አባትየው ከእስር ካስፈቱት በኋላ ያለውን፣ የጠቡን፣ ካርታው ፊት የተደረገውን ስብሰባ፣ የ1992ቱን የምርጫ ሌሊትና ሕልሙን ደግሞ ማየት ይበቃል። የ1992ቱን ሌሊት ስታዩ ዓይናችሁን ከሚያለቅሱት አባት ላይ አንሥታችሁ ልጁን ተመልከቱ፤ ሁልጊዜ ሲፈርዱበት የኖሩት ሰው ሲሰበሩ ሲያይ ከሐዘኑ ጋር ምን ሌላ ነገር ይታይበታል የሚለውን በማስታወሻ ያዙ። በሚቀጥለው ውይይት ላይ በመጀመሪያ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። አባቶችና ልጆች አብራችሁ የምትመጡ ከሆነ ማስታወሻችሁን ለየብቻ ጻፉና በአዳራሹ ውስጥ አስተያዩት።